ደን ጠባቂው በጨለማ እስከ መቼ?



በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ሁላችንም አጨብጭበናል፤ ይገባልም። ዳሩ ግን 5,150 ሜጋዋት አለን ብሎ መኩራት አንድ ነገር ሲሆን፣ የባላገሩን ጎጆ ማብራት ሌላ ነገር ነው። ከሕዝባችን ግማሽ የሚጠጋው ዛሬም መብራት የለውም። ሽቦው በራሱ ላይ አልፎ ወደ ከተማ ለሚሄድበት ገበሬ ኤሌክትሪክ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው።

የካፋን ደን ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌርነት መዝግቦታል። ዓለም የሚያደንቀውን ይህን ደን ከሚጠብቀው ሕዝብ ብዙው ግን ልጁን የሚያስጠናው በኩራዝና በእጅ ባትሪ ነው። ታዲያ መስመሩ እስኪደርስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ለምን? የቡና ጉንደላ፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ የእንጨት መሰንጠቂያ ቁርጥራጭ እዚያው አለ። እንጨቱ ደርቆና ተቆራርጦ በተዘጋ ምድጃ ውስጥ በጥቂት አየር ሲነድ ተቀጣጣይ ጋዝ ይሰጣል፤ ጋዙ ተጣርቶ ሞተር ያዞራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቤንዚን ያጠራቸው የአውሮጳ አገሮች መኪና የነዱት በዚሁ ዘዴ ነው። ባለ 20 ኪሎዋት መሣሪያ በቀን 5 ሰዓት ቢሠራ የሚበላው ከ100 እስከ 150 ኪሎ ደረቅ እንጨት ነው፤ ቀን ወፍጮ፣ ማታ መብራት!

«ደኑን ልታስጨርሱት ነው» የሚሉን አሉ። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ጨለማ ሊሆን አይችልም። መሣሪያው የነጋዴ ከሆነ፣ ነጋዴው በሌሊት የተቆረጠውንም ዛፍ ሳይጠይቅ ይገዛል። የመንደሩ ማኅበር ንብረት ከሆነ ግን ደኑን ያስደፈረ የገዛ መብራቱን ያጠፋል። በቦንጋ አካባቢ ሕዝብ በደን አስተዳደር መካፈል የጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1065/2010ም የማኅበረሰብ ደንን አውቆታል። ስለዚህ ከተፈጥሮ ደን አንድ ዛፍ እንዳይነካ፣ ማገዶውም ከተተከለ ባሕር ዛፍና ከተረፈ እንጨት ብቻ እንዲሆን ማኅበሩ ይወስን፤ ይቆጣጠርም።

«የፀሐይ ኃይል ይበቃል» ለሚሉትም፦ ለአምፑልና ለስልክ መልካም ነው። ዝናሙ በማያባራበት በካፋ ክረምት ወፍጮ ለማዞር ግን ስንት ባትሪ ሊገዛ ነው?

የኢንጂነሪንግ ተማሪ ሆይ! ቅጥራን ሞተሩን እንደሚዘጋው፣ ጠጋኝ የሌለው መሣሪያም ቆሞ እንደሚዝግ እናውቃለን። ማጣሪያ ሠርቶ፣ የመንደሩንም ወጣት ጥገና አስተምሮ መመረቅ፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለሚጠጣ ጥራዝ ከመድከም አይሻልምን? መምህራኖቻችንስ ይህን ሥራ ለመመረቂያ ብትቀበሉን ምን ይጎድልባችኋል?

መስመሩ ሲደርስ ይድረስ፤ እኛ ግን ቀድመን እንድረስ!