ሲሮጡ የታጠቁት

ደብረ ዘይት ሲባል አብዛኛው ሰው ወዲያው የሚያስበው ዛሬ ቢሾፍቱ የምትባለውን የሐይቅ ከተማ ነው። እኛ ዛሬ የምናነሣት ደብረ ዘይት ግን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፥ በመተከል ዞን የምትገኘው የወንበራ ወረዳ መቀመጫ ናት። እንደ እርሷ ባሉ የወረዳ ከተሞች ሁሉ መስከረም ሲጠባ አንድ የተለመደ ነገር ይታያል፤ ይኸውም ከየገጠሩ ቀበሌ የመጡ ተማሪዎች ሁለትና ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ስንቃቸውንም ከቤተሰባቸው ዘንድ እየተሸከሙ ያመጣሉ። አባት ከጎተራው እየቀነሰ፥ እናትም በገበያ ቀን የሸጠችውን እየቋጠረች፥ ልጃቸው ሰው እንዲሆንላቸው ይጠባበቃሉ።

ይህ ሁሉ ድካም የሚመዘነው በመጨረሻው በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነው። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት ከጀመረበት ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ወዲህ የታየው ውጤት የታወቀ ነው። በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ከመቶ 50 እና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶው 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ቍጥሩ ከፍ ብሎ 8.4 ደርሷል። መሻሻሉ የሚያስደስት ቢሆንም፥ ከመቶ ተማሪዎች ከዘጠና የሚበልጡት ዛሬም ከመስመሩ በታች መቅረታቸው ሊያስተኛን አይገባም።

ውጤት በተሰማ ቁጥር ወላጅ ልጁን፥ ልጅ መምህሩን፥ መምህርም የታችኛውን ክፍል ይወቅሳል። የመጽሐፍና የመምህር ጕድለት መኖሩን አንክድም፤ እርሱን ማሟላት የመንግሥት ግዴታ ነው። ነገር ግን ጕድለቱ እስኪሟላ ድረስ ተማሪው በእጁ ባለው ጊዜ ምን ያድርግ? የዛሬው ምክራችን በዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፥ ተማሪ የጎደለበትን ክፍል ለይቶ ይወቅ። በመተከል ዞን በ2013 ዓ.ም. በደረሰው የጸጥታ መደፍረስ ብዙ ቤተሰብ መፈናቀሉና ትምህርትም መቋረጡ አይዘነጋም። በዚያ ዓመት ሰባተኛ ክፍል የነበረ ልጅ ከክፍል ወደ ክፍል ከተዛወረ በ2018 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሷል ማለት ነው። ክፍልፋይና ቀላል እኩልታ በጊዜው ያልገባው ልጅ የአሥራ ሁለተኛውን ሒሳብ ሌሊቱን ሙሉ ቢያነበው አይገለጥለትም። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል መጽሐፍ ተውሶ ማንበብ ነውር አይደለም፤ መሠረቱ የተናጋ ቤት በክዳን አይጠገንም።

ሁለተኛ፥ ማንበብ ብቻውን ጥናት አይደለም። እኛ ራሳችን ተማሪዎች ሳለን በደብተራችን ላይ ቀይና ሰማያዊ መስመር ስናሰምር አምሽተን፥ ያጠናን መስሎን እንተኛ ነበር፤ በማግሥቱ መጽሐፉ ሲዘጋ ግን አእምሮአችንም አብሮ ይዘጋል። የቅኔ ተማሪዎች ከእኛ ይልቅ ብልሃቱን ያውቁታል። የቅኔ ተማሪ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ከመምህሩ ፊት መናገር አለበትና፥ የሰማውን ብቻ ይዞ መቀመጥ አይችልም። ጀርመናዊው ሔርማን ኤቢንግሐውስም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ባሳተመው ጥናቱ፥ ሰው የተማረውን አብዛኛውን የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን፥ በልዩ ልዩ ቀን ተከፋፍሎ የተደጋገመ ትምህርትም በአንድ ጊዜ ከተከመረው ይልቅ እንደሚጸና በራሱ ላይ ሞክሮ አሳይቷል። ስለዚህ ተማሪ በየማታው መጽሐፉን ዘግቶ የዕለቱን ትምህርት በባዶ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ የረሳውን ገልጦ ይመልከት፤ ከሦስት ቀን በኋላና በሳምንቱም ይድገመው። ለዚህ ከአንድ ሰዓት የሚበልጥ አያስፈልግም። ለፈተና አንድ ወር ሲቀረው እንቅልፉን ትቶ የሚጀምር ግን፥ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው ነው።

ሦስተኛ፥ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በቤቱ ሺናሽኛ፥ ጉሙዝኛ ወይም ኦሮምኛ፥ በገበያ አማርኛ የሚናገር የወንበራ ልጅ ቋንቋ መማር አያቅተውም። በአንድ ክፍል የሚያድሩ ጓደኛሞች ነገሩን መጀመሪያ በሚግባቡበት ቋንቋ ያስረዳዱ፤ ከገባቸው በኋላ በእንግሊዝኛ በሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉት። ሳይገባቸው በእንግሊዝኛ የሸመደዱት ጥያቄው ቃል የቀየረ ዕለት ይጠፋቸዋል።

ለወላጆችም የምንለው አለን። ስንቅ መስጠት ትልቅ ነገር ነው፤ ጊዜ መስጠት ግን ከእርሱ አያንስም። በአጨዳ ወራት ልጅን ለሳምንታት ከትምህርት ማስቀረት የዓመቱን ስንቅ ማባከን ነው። ይልቁንም ሴት ልጅ ከትምህርት ስትመለስ ውኃ መቅዳቱና እንጀራ መጋገሩ ይጠብቃታል፤ ወንድሟ ግን ደብተሩን ይዞ ይወጣል። ሥራውን ለሁለቱ ማካፈል ገንዘብ አያስወጣም። ፊደል ያልቆጠረ አባት እንኳ ማታ ማታ «ዛሬ ምን ተማርክ? እስቲ ንገረኝ» ቢል፥ ልጁን ያስጠናዋል።

እኛስ ትናንት ተመርቀን ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የተቀመጥን ወጣቶች? ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየጠቅላይ ግዛቱ አንድ ዓመት ያገለግሉ ነበር፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ያገለገሉት በማስተማር ነው። ከእኛ ዓመት የጠየቀን የለም። በሳምንት ሁለት ሰዓት አምስት ተማሪዎችን ሒሳብ ማስረዳት ግን ከማናችንም አቅም በላይ አይሆንም።

በመጨረሻም፥ በተገቢው ደክሞ ውጤቱ ያልመጣለት ልጅ የቤቱ ኀፍረት ተደርጎ አይቆጠር። የማካካሻ ትምህርት አለ፤ ቴክኒክና ሙያም አለ፤ እጁ የሠለጠነ ሰው እንጀራ አያጣም። የሚያሳፍረው ሳይታጠቁ መሮጥ ነው። እንግዲህ ተማሪ ሆይ፥ ዛሬ ማታ መጽሐፍህን ዝጋና የቀረልህን ጻፍ።