ኪሳራው የሚወጣው ከልጁ ነው



ባለፈው እትማችሁ የልጅ አሳዳጊነት ክርክር የሚጓተተው «በወላጆች እልህ» ነው ተብሎ የተጻፈውን አንብቤ አዝኛለሁ። እኛ መቐለ ያለን ሰዎች የምናውቀው ሌላ ነው። ክርክሩን የሚጎትተው ገንዘብ ነው። ያለው ያራዝማል፤ የሌላት ልጇን ትለቃለች።

ባለገንዘቡ ጠበቃ ያቆማል። ጠበቃው መቃወሚያ ያቀርባል፣ ቀጠሮ ያስለውጣል፣ ይግባኝ ይላል። እናት ለአቤቱታ ጸሐፊ፣ ለፎቶ ኮፒ፣ ለምስክር መጓጓዣ ትከፍላለች፤ በየቀጠሮው ከሥራ ትቀራለች። ነገሩ ፌዴራል ሰበር ከደረሰማ የትግርኛውን ፍርድ ወደ አማርኛ ማስተርጎምና አዲስ አበባ መመላለስ አለ። ይህን ሁሉ አልፋ ቢፈረድላት እንኳ መዝገቡ «ወጪና ኪሳራ ግራ ቀኙ ይቻቻሉ» ተብሎ ይዘጋል። ያ ኪሳራ የሚወጣው ከልጁ ወተትና ከትምህርት ቤት ክፍያው ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ፍርድ ቤቶች የሕፃኑን ደኅንነት እንዲያስቀድሙ ያዛል። ፌዴራል ሰበር በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 ይህንኑ አንቀጽ ጠቅሶ፣ ወላጅ አባት እያለ ልጁ ካሳደገችው አክስቱ ዘንድ እንዲቆይ ወስኗል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ኪሳራውን ማን እንደሚከፍል የመወሰን ሥልጣን ለዳኛው ሰጥቷል። ታዲያ ያለ በቂ ምክንያት ቀጠሮ የሚያስለውጠው ለምን አይከፍልም? የልጅ ክርክር ሲሆን ያጓተተው ይክፈል፤ ኪሳራው የሚወጣው ከልጁ ነውና።

«በደሃ ደንብ ትክሰስ» የሚሉ አሉ። ይህን የሚለው ነገሩን ያልቀመሰ ነው። ደንቡ የዳኝነት ክፍያን ያስቀራል እንጂ ጠበቃ አያቆምም። እኔ መምህርት ነኝ፤ ደመወዝተኛ ስለሆንሁ ድሃ አልባልም። በትግራዩ ጦርነት ለወራት የተቋረጠው ደመወዛችን ውዝፉ ሳይከፈለን፣ ባንክ ተዘግቶ ሳለ የተበደርነውን ሳንጨርስ ለጠበቃ ከየት እናምጣ? «ሽማግሌ ይግባ» ለሚሉትም፣ ሽማግሌ ገብቶ ነበር፤ አልሆን ብሎ ነው ችሎት የቆምነው።

የቀለቡም ነገር እንዲሁ ነው። ቀለብ ይቆረጣል፣ አባት አይከፍልም፤ እናት እንደገና የአፈጻጸም መዝገብ ታስከፍታለች፣ እንደገና ትከፍላለች። ልጄን ብዬ ይህን ሁሉ ተሸክሜ እልኸኛ መባል አይገባኝም።

መጽሔታችሁ የክልሉን ዳኞች ይጠይቅልን፦ በልጅ ክርክር ያጓተተውን ወገን ኪሳራ ማስከፈል የሚጀምሩት መቼ ነው?

አንዲት መምህርት
ሃድነት፣ መቐለ