ያረጁ ሙዚቀኞች ወደ መድረክ ቢመለሱ ምን ይጎዳናል?

ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤታችን የክርክር ክበብ አንድ ርእስ ቀርቦ ነበር። ርእሱም «በዕድሜ የገፉ ሙዚቀኞች እንደገና ተሰባስበው አዲስ ሙዚቃ ሊያስቀርጹና በየአገሩ እየዞሩ ሊጫወቱ ይገባቸዋልን?» የሚል ነበር። እኔ «አይገባቸውም» ከሚሉት ወገን ቆሜ ተከራከርሁ፤ በዳኞቹም ፍርድ ወገናችን ረታ። የክፍል ጓደኞቼ እንደሚያስታውሱት፣ «ለሁሉም ጊዜ አለው፤ ሽማግሌ ይመርቃል እንጂ አይዘፍንም» ባልሁ ጊዜ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ዛሬ ይህን የምጽፈው ያ ጭብጨባ እንደማይገባኝ ለመናገር ነው።

አሳቤን የለወጠው ነገር የተጀመረው በቤታችን ነው። ከገርጂ ወደ ቦሌ ቤት በለወጥን ጊዜ፣ አባቴ ከወጣትነቱ ጀምሮ ያጠራቀማቸው ካሴቶች የሞሉበት አንድ ካርቶን ነበር። «ማጫወቻ እንኳ የለን፤ ቦታ ከሚይዝ ይሂድ» ብዬ ለቁራሌው የሰጠሁት እኔ ነኝ። አባቴ በሰማ ጊዜ አልተቆጣም። «ዋልያስ ነበሩበት» ብሎ ዝም አለ። እኔ ደግሞ ስለ እግር ኳስ ቡድናችን የሚናገር መስሎኝ ነበር!

ኋላ ግን አፍሬ ጠየቅሁ፤ አነበብሁም። ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለብዙ ዓመታት የተጫወተ ስመ ጥር ባንድ ነበር። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ በታወጀ ጊዜ፣ ወደ ቤቱ መመለስ የማይችለው ሕዝብ እስኪነጋ ድረስ በሙዚቃቸው ያድር ነበር። በ1977 እ.ኤ.አ. «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ አወጡ፤ በዚህም ሸክላ ሙላቱ አስታጥቄ ዐብሯቸው ተጫውቷል። ያለ ዘፋኝ፣ በመሣሪያ ብቻ፣ የኢትዮጵያ ዜማ ሊደመጥ እንደሚችል አሳዩ። በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ለዝግጅት ሄዱ፤ ከመካከላቸው እኩሌቶቹ ተመለሱ፣ እኩሌቶቹም በዚያው ቀሩ።

ከቀሩት አንዱ ኃይሉ መርጊያ ነበር። ኃይሉ በ1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮኑንና ኪቦርዱን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት አስቀረጸ። ከዚያ በኋላ ኑሮውን በዋሽንግተን ታክሲ በመንዳት ይመራ ጀመር። ነገር ግን ኪቦርዱን በመኪናው ኮፈን ይዞ ይዞር ነበር፤ በአውሮፕላን ማረፊያው ተራ ሲጠብቅ ያወጣና ይለማመድ ነበር። ሰሚ ሳይኖረው ጣቶቹን ያላሰነፈ ሰው ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. አንድ ካሴት የሚሰበስብ አሜሪካዊ ያንን የኃይሉን ካሴት ባሕር ዳር አግኝቶ እንደገና አሳተመው። ኃይሉም ተፈልጎ ተገኘ፤ በየአገሩ መድረክ ወጣ፤ በ2018 እ.ኤ.አ.፣ ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ ሥራ አወጣ።

ወዳጆቼ ሆይ! ያ ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ እንደ ዕንቁ ያነሣውን ነገር እኔ በቤቴ ደጃፍ ለቁራሌ ሰጥቼዋለሁ።

ይህ የኃይሉ ብቻ ታሪክ አይደለም። የሳክስፎኑ አንበሳ ጌታቸው መኩሪያ በ2006 እ.ኤ.አ.፣ ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ «ዘ ኤክስ» ከተባሉ የሆላንድ ሙዚቀኞች ጋር አዲስ ሥራ አስቀርጾ አውሮጳን ዞረ። ግርማ በየነም ለብዙ ዓመታት ከሙዚቃ ርቆ ከኖረ በኋላ በ2017 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳውያን ወጣቶች ጋር ተመልሶ ዘፈነ። እንግዲህ ሆላንዶችና ፈረንሳውያን ከአጠገባቸው ሲቆሙ የእኛ ወጣቶች ወዴት ነበርን?

በክርክሩ ጊዜ ያቀረብኋቸውን ምክንያቶች ራሴ ልመልሳቸው። በመጀመሪያ «ድምፃቸው ደክሟል» ብዬ ነበር። እውነት ነው፤ የሰባ ዓመት ጉሮሮ የሃያ ዓመት ጉሮሮ አይሆንም። ነገር ግን ማሕሙድ አሕመድ ከስድሳ ዓመት በላይ ከዘፈነ በኋላ በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የስንብት ዝግጅቱን ባደረገ ጊዜ አባቴ ሄዶ ነበር። በቤት ውስጥ ከቶ የማይዘፍነው አባቴ ድምፁ ሰልሎ ተመለሰ። ይህን ያደረገ ድምፅ ደክሟል አልልም።

ሁለተኛ «የሚመለሱት ለገንዘብ ነው» ብዬ ነበር። ቢሆንስ? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ የእነርሱ ወርቃማ ዘመን አልፎ ነበር። ኃይሉን ያህል ሰው ታክሲ መንዳቱ ነውር አይደለም፤ በዘመኑ ሥራው አልመገበውም ማለት ግን ነው። የእንግሊዞቹ ሮሊንግ ስቶንስ በ2023 እ.ኤ.አ. የሰማንያ ዓመት ሰው እየዘፈነላቸው ከ18 ዓመት በኋላ የራሳቸውን አዲስ ዘፈኖች የያዘ አልበም ሲያወጡ ባለጠጎች ነበሩ። የእኛዎቹ ግን ሲመለሱ የሚያገኙት የቀረባቸውን ነው።

ሦስተኛ «የወጣቱን ቦታ ይይዛሉ» ብዬ ነበር። ከላይ እንዳየነው ግን ሽማግሌው ሲመለስ ወጣት ይዞ ይመለሳል፤ ቦታ ይሰጣል እንጂ አይነጥቅም።

ይህን ስል ማንኛውም መመለስ መልካም ነው ማለቴ አይደለም። ሳይለማመዱ መጥተው በቀድሞ ስማቸው ብቻ ቲኬት የሚሸጡ፣ ከተቀዳ ድምፅ በስተኋላ አፋቸውን ብቻ የሚያንቀሳቅሱ ቢኖሩ ራሳቸውንም እኛንም ያዋርዳሉ። የኃይሉ መመለስ የተከበረው በታክሲው ውስጥ እንኳ ልምምዱን ስላላቋረጠ ነው።

እንግዲህ ለሚመጣው የወላጆች በዓል አንድ አሳብ አቀርባለሁ። እስከ ዛሬ በበዓሉ ቀን ሙዚቃ የሚሰማው ከድምፅ ማጉያ ነው። በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲና በአያት ሠፈሮች ቀድሞ በባንድ የተጫወቱ አባቶች አሉ፤ ምናልባትም ከእናንተ ከወላጆቻችን መካከል ይገኛሉ። ከሙዚቃ ክበባችን ልጆች ጋር አንድ ወር ተለማምደው በአንድ መድረክ ቢጫወቱልን፣ እኛም ብንቀዳቸው፣ ምን ይጎዳናል? መምህራኖቻችን እንዲረዱን፣ ወላጆቻችንም ካሴትና ሸክላ ያላቸው እንዲያውሱን እለምናለሁ።

እኔ ከቤቴ የማመጣው ካሴት የለኝም። ካርቶን መሸከም ግን እችላለሁ፤ የእናንተንም ከየቤታችሁ እየዞርሁ ለመሰብሰብ ዝግጁ ነኝ። አባቴም ይመጣል፤ ከፊተኛው ወንበር ቦታ ይያዝለት።