ሳይኪ የወርቅ ተራራ አይደለችም



ባለፈው ሴሚስተር በጀመዓችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ «ይህን ያውቃሉ?» በሚለው ዓምድ ሥር፣ አንድ ወረቀት ለጥፈን ነበር። «ናሳ 10 ኩንቲሊዮን ዶላር ወደሚያወጣ የወርቅ አስትሮይድ መንኮራኩር ላከ» ይላል። ከቴሌግራም ነው ያገኘነው፤ ማናችንም አላጣራነውም። ብዙዎች ፎቶ እያነሱ አሰራጩት። አንድ የጂኦሎጂ ተማሪ ወንድማችን ግን ከዙህር ሶላት በኋላ ጠብቆን፣ «ቁጥሩን አካፍላችሁ አይታችሁታል?» አለን። አላየንም ነበር።

አብረን ቁጭ ብለን አሰላነው። የሳይኪ ክብደት በግምት ከ2 በኋላ 19 ዜሮ ያህል ኪሎ ግራም ነው። 10 ኩንቲሊዮን ደግሞ ከ1 በኋላ 19 ዜሮ። ለአንድ ኪሎ የሚደርሰው ግማሽ ዶላር ገደማ ብቻ ሆነ። በዚህ ዋጋ ወርቅ የሚሸጥ ሱቅ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙን! ስሌቱ የተራ ብረት ዋጋ ነው፤ «ወርቅ» የሚለውን የጨመረው ወሬው ነው። መንኮራኩሯም ብትሆን መቆፈሪያ የላትም፤ አስትሮይዷ ላይ እንኳ አታርፍም፣ ዙሪያዋን ትዞራለች እንጂ።

እኛን የቆጨን ስህተቱ ብቻ አይደለም። ከወሬው የሚበልጠውን እውነተኛ ታሪክ ለአንባቢ ሳንነግር መቅረታችንም ነው። የመሬት እምብርት ከእግራችን በታች በ2,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጀምራል። የሰው ልጅ የቆፈረው ጥልቁ ጉድጓድ፣ በሩሲያ ኮላ የሚገኘው፣ ከ12 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። እምብርቱን ሄዶ ማየት አይታሰብም። አኒባሌ ደ ጋስፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1852 ከኔፕልስ ያገኛት ሳይኪ ግን፣ በግጭት ብዛት ድንጋያማ ልብሷ የተገፈፈ የአንዲት ትንሽ ፕላኔት እምብርት ልትሆን ትችላለች ተብሎ ተጠረጠረ። የጉዞው ምክንያት ይህ ነው።

ጥርጣሬው ራሱ አሁን ተናግቷል። ብረት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 7.9 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የሳይኪ ዴንሲቲ ደግሞ በቅርብ ጊዜ ግምት 4 አካባቢ ነው። ስለዚህ ወይ ብረቷ ከድንጋይ ጋር ተቀላቅሏል፣ ወይ ውስጧ ክፍተት የበዛበት ነው፣ ወይ ሁለቱም። ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት አል-ቢሩኒ ማዕድናትንና የከበሩ ድንጋዮችን በዚሁ መንገድ፣ ክብደታቸውን ከመጠናቸው ጋር እያነጻጸረ፣ ይለይ ነበር። እኛ ግን ወረቀት ስንለጥፍ ይህች ቀላል ማካፈል አልታወሰችንም።

መልሱን የምታመጣው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን 2023፣ በእኛ ጥቅምት 2 ቀን 2016፣ ጁሙዓ ዕለት ከፍሎሪዳ መጠቀች። እ.ኤ.አ. በ2029 ሳይኪ ጋ ደርሳ፣ ከፍታዋን እየቀያየረች ከሁለት ዓመት በላይ እንድትዞራት ታቅዷል። ስትዞር አስትሮይዷ አንዴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ አድርጋ ትስባታለች፤ ያ ስበት የመንኮራኩሯን ፍጥነት ስለሚለውጥ፣ ወደ መሬት በምትልከው የሬዲዮ ሞገድ ላይ ይታያል። ከዚያም ክብደቱ የት እንደተከማቸ ይሰላል። ሌላው መሣሪያዋ የጠፈር ጨረር ገጿን ሲመታ የሚወጣውን ጋማ ጨረርና ኒውትሮን እየቆጠረ ብረት፣ ኒኬል ወይም ሲሊከን መኖሩን ይለያል። ማግኔቶሜትሯ ደግሞ ከጥንት የቀረ መግነጢስ ይፈልጋል። ከተገኘ፣ ሳይኪ አንድ ጊዜ የቀለጠ እምብርት እንደነበረች ጠንካራ ምስክር ይሆናል። ካልተገኘ? ባለሙያዎቹ ለዚያም ተዘጋጅተው ነው የሄዱት፤ የገመቱት ቢፈርስም ጉዞው ከንቱ አይሆንም።

የድሮውን ወረቀት አንስተናል። በቦታው የወንድማችንን ስሌት በእጅ ጽሑፉ እንዳለ ለጥፈነዋል፤ ስህተት ያገኘ በሥሩ ይጻፍበት። ከእንግዲህ በዚያ ዓምድ የሚወጣ ቁጥር ሁሉ ከመለጠፉ በፊት የዘርፉ ተማሪ እንዲያየው ተስማምተናል። የፊዚክስና የጂኦሎጂ እህትና ወንድሞች፣ ስማችሁን ለማስመዝገብ ከዐስር ሶላት በኋላ ብቅ በሉ።