ሙዚቃው ወደ ቁሓም ይምጣ፤ በቀን ይሁን!

ይህ የዓመቱ የመጨረሻ እትማችን ስለሆነ በክረምቱ ስለሚመጣ ነገር ልጽፍላችሁ ፈለግሁ። እሱም ሙዚቃ ነው። በስልክ የምንሰማው ሳይሆን ሰው ፊት ለፊታችን ሆኖ የሚጫወተው ሙዚቃ።

መቐለ ውስጥ ኮንሰርት ሲኖር ማስታወቂያው ይለጠፋል፤ እኛም ቆመን እናነበዋለን። ግን ብዙውን ጊዜ ሰዓቱ ማታ፣ ቦታው መሀል ከተማ፣ መግቢያው ደግሞ በትኬት ነው። ቁሓ ከመቐለ ሰባት ክፍለ ከተሞች አንዷ ብትሆንም ከመሀል ከተማ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ማታ ታክሲ ማግኘት ለትልቅ ሰው እንኳ ከባድ ነው። የሰባተኛ ክፍል ልጅንማ ማን ይለቀዋል? ወላጆቻችን እምቢ ቢሉ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ «እኛ ማታ ወደዚያ እንሂድ» አይደለም። ሙዚቃው በቀን ወደ ቁሓ ይምጣ ነው የምለው።

አንዳንድ ልጆች «ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ እኮ!» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ለምሳሌ ጭራ ዋጣን እንውሰድ፤ በአማርኛ ማሲንቆ የሚባለው ነው። ያለው አንድ ክር ብቻ ነው፤ እሱም ከፈረስ ጭራ ይሠራል። በአንድ ክር ያን ሁሉ ዜማ እንዴት እንደሚያወጣ ለማወቅ የተጫዋቹን ጣቶች ከቅርብ ማየት ያስፈልጋል። አምስት ወይም ስድስት ክር ያለው ክራርም እንደዚሁ ነው። ልጅ «ይሄ ምን ይሠራል? እስቲ ልሞክረው?» ብሎ መጠየቅ የሚችለው ተጫዋቹ ፊቱ ካለ ነው። ስልክን ማን «ልሞክረው» ይለዋል?

ትልቁ ማስረጃዬ ግን አሸንዳ ነው። አሸንዳ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ነሐሴ 16 ይጀምራል። ስሙ የመጣው ሴቶች ወገባቸው ላይ ከሚያስሩት ረጅም ለምለም ቅጠል ነው። በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይሉታል። በዚህ በዓል ዘፋኞቹም ከበሮ መቺዎቹም እኛው ሴት ልጆች ነን። ማን አስተማረን? ትልልቆቹ እህቶቻችን ሲመቱ አጠገባቸው ቆመን አይተን ነው። የከበሮው አንዱ ፊት ሰፊ ነው፤ ድምፁም ወፍራም ነው። የጠባቡ ፊት ድምፅ ደግሞ ቀጭን ነው። ይህን ማንም በቃል አልነገረንም፤ እጃችን ነው ያወቀው።

ነገር ግን በጦርነቱ ዓመታት አሸንዳ እንደ ድሮው አልተከበረም። ያኔ ትንንሽ የነበርን ልጆች ማየት የሚገባንን ሳናይ ጊዜው አለፈ። ዛሬ ከበሮ መያዝ የሚያፍሩ ልጆች ያሉት ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም፤ አጠገባቸው ቆመው የሚያዩት ሰው ስላልነበረ ነው። ስለዚህ ለእኛ ሙዚቃን በአካል ማየት መዝናኛ ብቻ አይደለም። ያመለጠንን ማካካሻ ነው።

ፊልምስ? ፊልም ሁለተኛ ነው፤ ግን ይጠቅማል። በሕይወት የሌሉ ሙዚቀኞችን በአካል ማምጣት አይቻልማ! በትግርኛ ዘፈኖቹ የታወቀው ኪሮስ ዓለማየሁ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ እኛ አልደረስንበትም። ደግሞም «ኢትዮጲክስ» የሚባል የድሮ ሙዚቃዎች ስብስብ አለ፤ 5ኛው ቁጥር የትግርኛ ሙዚቃ ነው። ስለዚህ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2017 ዘጋቢ ፊልም ተሠርቷል። እንደዚህ ዓይነት ፊልም ክፍል ውስጥ ብናይ መምህራችን እያስቆሙ «ይህ መሣሪያ ምንድን ነው?» ብለው ሊጠይቁን ይችላሉ።

«መብራት ቢጠፋስ?» የሚል ይኖራል። መብራት ከጠፋ ፊልሙ ይቆማል፣ ከበሮው ግን ይቀጥላል! «ትምህርት ያስረሳል» ለሚሉ ደግሞ መልሴ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ቀን ይበቃል ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው።

1ኛ፣ ሚኒ ሚዲያችን ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት በሠፈራችን ጭራ ዋጣ ወይም ክራር የሚጫወቱ አባት ካሉ ወደ ግቢያችን ይጋብዝልን። ሌላ ቀን ደግሞ አንድ የሙዚቃ ፊልም ያሳየን።

2ኛ፣ የአሸንዳ ዝግጅት የሚያዘጋጁ ሰዎች መድረኩን መሀል ከተማ ብቻ አያድርጉት። አንዱን ቀን በፀሐይ ለቁሓ ይስጡን። ስፒከሩንም ቀነስ ያድርጉት፤ እሱ ሲጮህ ከበሯችን አይሰማም።

3ኛ፣ ትልልቅ እህቶቻችን፣ ስትለማመዱ ትንንሾቹን «ሂዱ ከዚህ!» አትበሉን። አጠገባችሁ አስቁሙን።

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይባላል። ወርቁ እዚሁ ሠፈራችን አለ፤ የሚያሳየን ሰው ብቻ ነው የጎደለው። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሐሳባችሁን ጽፋችሁ የሚኒ ሚዲያ ሣጥን ውስጥ አስገቡልን። መልካም ክረምት፣ መልካም አሸንዳ!