«እሱ» ማን ነው?
ተውላጠ ስምን ለሕፃናት ስለማስተማር የሁለት መምህራን ሙግት

በቃል ይጠና (ከፍኖተ ሰላም)

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። የዋሸራም ሆነ የጎንጅ ቅኔ ቤት ተማሪ ከግሱ ጋር ዐሥሩን መራሕያን፣ ማለትም የግእዙን ተውላጠ ስሞች፣ አነ፣ አንተ፣ አንቲ፣ ውእቱ፣ ይእቲ እያለ በቃሉ ይይዛል። እኔም የሁለተኛ ክፍል ልጆቼን በየማለዳው በሠንጠረዥ አሰልፌ «እኔ መጣሁ፣ አንተ መጣህ፣ አንቺ መጣሽ፣ እሱ መጣ፣ እሷ መጣች» አስብላቸዋለሁ። ሳምንት ሳይሞላ በዜማ ይወጡታል።

ጥቅሙ እንግሊዝኛው ላይ ጎልቶ ይታያል። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል። የእኛ ልጅ «መጣች» ሲል የእናቱ ሴትነት «ች» ውስጥ ስላለ «እሷ» ማለት አያስፈልገውም። እንግሊዝኛው ላይ ግን ቃሉን ለብቻው ማውጣት ግድ ይሆንበትና እናቱን «ሺ» በማለት ፈንታ «ሂ» ይላታል። የ«እሷ»ን ቦታ በሠንጠረዥ የያዘ ልጅ ይህን ስሕተት ቶሎ ይተዋል።

ሌላም አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው የቆዩ ልጆች ሲመለሱ መጽሐፍ ለሁሉም ላይዳረስ ይችላል። በቃል የተያዘ ትምህርት ግን መጽሐፍ አይጠብቅም።

በወግ ይለመድ (ከቡሬ ገጠር)

ጋሼ፣ የቅኔ ቤቱን ክብር አልነካም። ግን የቅኔ ተማሪ መራሕያንን የሚያጠናው አፉን በግእዝ ስላልፈታ ነው። የእኔ ተማሪዎች አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ጓደኛዋን «አንቺ»፣ አያቷን «አንቱ» ስትል ሠንጠረዥ አላየችም።

ስለ ቅዳሜ ውሏችሁ ጻፉ አልኳቸው። አንዱ ልጅ «እኔ ወደ ወንዝ ሄድኩ። እኔ ውኃ ቀዳሁ። እኔ ከብት አገድኩ» ብሎ ጻፈ። ይኸው ልጅ ሲያወራ እኮ «ወንዝ ወርጄ፣ ውኃ ቀድቼ፣ ከብት ሳግድ ዋልኩ» ነው የሚለው። ባለቤቱን ግሱ ስለሚናገር አንድም «እኔ» የለበትም። ያን ሁሉ «እኔ» ደብተሩ ላይ ያስገባበት ሠንጠረዡ ነው። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ሳይ ያመኛል፤ ያማረ አንደበቱን ክፍል ውስጥ ቀማነው።

ልጆቹ የሚቸገሩት ሌላ ቦታ ነው። ሰሌዳው ላይ «ካሳና ወንድሙ ቡሬ ገበያ ሄዱ። እሱ በርበሬውን ሸጠ» ብዬ ጻፍኩና ማን ሸጠ አልኳቸው። ግማሹ «ካሳ»፣ ግማሹ «ወንድሙ» አለና ክፍሉ ተሟገተ። ሁለት ልጆች አስነሥቼ አንዱን ካሳ፣ አንዱን ወንድሙ አድርጌ ገበያውን አጫወትኳቸው። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ወጥታ «እሱ»ን አጠፋችና «ወንድምየው» ብላ ጻፈች። ተውላጠ ስምን መረዳት ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ አንባቢው ስለ ማን እንደተባለ ሲጠፋው ማወቅ።

በስያሜውም ቢሆን ልጆቹን አናስጨንቃቸው። ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው» ተውላጠ ስምን ከስም ጋር መደቡት እንጂ ራሱን የቻለ የቃል ክፍል አላደረጉትም።

ምላሽ (ከፍኖተ ሰላም)

እኅቴ፣ የ«ወንድምየው»ን ነገር ወድጄዋለሁ። ግን ባለቤቱን ግሱ ይናገራል ያልሽው ሁልጊዜ አይሠራም። «መጡ» በይ እስቲ። እርስዎ መጡ፣ እሳቸው መጡ፣ እነሱ መጡ፤ ሦስቱም አንድ ናቸው። ልጁ «ትናንት ቤታችን መጡ» ብሎ ቢጽፍ ቄሱ ይሁኑ ጎረቤቶቹ በምን ይታወቃል? እዚህ ላይ ተውላጠ ስሙ የግድ ነው፤ ልዩነቱንም ተሰልፎ ካላየው አያስተውለውም።

የመጨረሻ ቃል (ከቡሬ ገጠር)

«መጡ»ን ተቀብያለሁ፣ ጋሼ፤ እሱስ ይሰለፍ። እንግሊዝኛም ላይ ሠንጠረዡ ይግባ፣ ልጁ ለቋንቋው እንግዳ ነውና። በአማርኛው ግን ወጉ ይቅደም፣ ሠንጠረዡ ይከተል። ፈተናችንም «ተውላጠ ስም ምንድን ነው?» ማለቱን ትቶ ልጁ የጻፈውን ያንብብ። መምህራን ሆይ፣ ነገ ጧት የካሳንና የወንድሙን ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፉና «እሱ ማን ነው?» ብላችሁ ልጆቻችሁን ጠይቋቸው።