ታካሚው የሚቀድመው ማንን ነው?

የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ በአምስት መርሆች ላይ ቆሟል፦ የታካሚውን ፈቃድ ማክበር፣ አለመጉዳት፣ መጥቀም፣ ፍትሕና እውነተኛነት። ከሁሉም በላይ ግን የሐኪሙ ቀዳሚ ዓላማ የታካሚው ጥቅም መሆን አለበት ይላል። ይህን የሚቃወም ሰው አይገኝም። የእኔ ጥያቄ ቀጥሎ ያለው ነው። የታካሚውና የሐኪሙ ጥቅም አንድ ላይ ሲጓዙ ታካሚን ማስቀደም ምን ያስከፍላል? ሲለያዩስ ማኅበሩ የትኛውን ተከትሎ ሄደ?

ማኅበሩን እ.ኤ.አ. በ1859 ናያግራ ፏፏቴ አጠገብ የተሰበሰቡ 26 የጥርስ ሐኪሞች መሠረቱት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያውን የሥነ ምግባር ደንብ በ1866 አጸደቀ። ስለዚህ የሚመዘን ረጅም ታሪክ አለው፤ ሚዛኑንም ራሱ ሠርቶ ሰጥቶናል።

በሚዛኑ ከብዶ የተገኘበትን ቦታ ልለፈው ብል ደግሞ ሐሰት ይሆንብኛል። በ1901 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ሥራ የጀመሩት ፍሬድሪክ ማኬይ፣ የአገሬው ልጆች ጥርስ ለምን ቡናማ ይሆናል ብለው ጠየቁ። ወንጂ አካባቢ ያደገ ሰው ያን ጥርስ ሳይነግሩት ያውቀዋል። ማኬይ ጥያቄውን ወደ ሙያ ባልደረቦቻቸው ማኅበር ወሰዱት፤ ከዘመኑ ሊቃውንት ዋነኛው ጂ ቪ ብላክም በ1909 መጥተው አብረዋቸው መረመሩ። ምክንያቱ ውኃው ውስጥ የበዛው ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው በ1931 ነው። ቀለም የሚለውጠው ይኸው ፍሎራይድ በልኩ ሲሆን ጥርስን ከመበስበስ እንደሚጠብቅም ታወቀ። በ1945 ግራንድ ራፒድስ ከተማ የቧንቧ ውኃዋ ላይ ጨመረችው፤ ማኅበሩም በ1950 ደገፈው። የተቦረቦረ ጥርስ እየሞላ የሚኖር ሙያ፣ የሚሞላውን ጥርስ የሚቀንስ ነገር ደገፈ ማለት ነው። ለኩራት ይህ አይበቃም? ይበቃል። ታዲያ የሌላውን ጥርስ እንዲህ በድፍረት የመረመረ ማኅበር ወደ ራሱ አፍ መስተዋት ማስገባት ሲሆን ለምን እጁ ይንቀጠቀጣል?

ከአባልነቱ እንጀምር። ወደ ብሔራዊው ማኅበር የሚገባው በአካባቢና በክፍለ ግዛት ማኅበር በኩል ነበር። የአካባቢው ማኅበር ጥቁር ሐኪም አልቀበልም ካለ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። ብሔራዊው አካል «እኔ አልከለከልኩም» ሊል ይችላል፤ በሩን ይዞ የቆመው ሌላ ሰው ነዋ። ዛሬ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤት በተደረደረበት የዋሽንግተን ሰፈር አቅራቢያ ያለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከ1881 ጀምሮ የጥርስ ሐኪሞች ሲያሠለጥን ነበር። ተመራቂዎቹ የት ይሂዱ? በ1913 የዋሽንግተን፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ጥቁር ሐኪሞች የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ የዛሬው ናሽናል ዴንታል አሶሲዬሽን ከዚያ የመጣ ነው። ነባሩ ማኅበር ከ1965 በፊት ለነበረው አድልዎ በፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ ይቅርታ የጠየቀው በ2010 ነው። ፍትሕ ከአምስቱ መርሆች አንዱ ከሆነ፣ ለመጻፍ አንድ ገጽ የሚበቃው ደብዳቤ ለምን 45 ዓመት ፈጀ? በዚያ መሐል ሳይታቀፉ ያረጁ፣ ሳይታቀፉ የሞቱ ሐኪሞች ደብዳቤው የሚደርሳቸው በየትኛው አድራሻ ነው?

ያለፈው አለፈ የሚል ካለ ወደ አላስካ እንሂድ። በአውሮፕላን ወይም በጀልባ ካልሆነ የማይደረስባቸው መንደሮች አሉ። የጥርስ ሐኪም ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው። የአገሬው ተወላጆች የጤና ድርጅት በ2003 ከራሳቸው መንደሮች የወጡ ወጣቶችን ለሁለት ዓመት ሥልጠና ወደ ኒውዚላንድ ላከ። ኒውዚላንድ ከ1921 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ባለሙያዎችን ስታሠለጥን ቆይታለች። ወጣቶቹ ተመልሰው በሐኪም ክትትል ጥርስ መሙላትና ቀለል ያለውን መንቀል ጀመሩ። ማኅበሩ ምን አደረገ? በ2006 ከአላስካው ማኅበር ጋር ሆኖ ፍርድ ቤት አቆማቸው። ያለ ፈቃድ ያክማሉ፤ የማይመለስ ሥራ በሐኪም እጅ ብቻ መሠራት አለበት አለ። በ2007 ዳኛው ክሱን አልተቀበሉትም፤ ነገሩም በስምምነት ተዘጋ።

ስለ ደኅንነት መጨነቅ ነውር አይደለም። ግን የሚነጻጸረው ምን ከምን ጋር ነው? ለዚያ መንደር ልጅ ምርጫው በሐኪምና በሠልጣኝ መካከል አልነበረም፤ በሠልጣኝና በሕመም መካከል ነበር። ከሳሾቹ ውስጥ ክሊኒኩን ዘግቶ እዚያ ለመኖር የተዘጋጀ ስንት ነበር? ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ክርክር አይከብደውም። ጎንደር በ1954 የጤና መኮንኖችን ማሠልጠን ስትጀምር፣ ኋላም በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ወደ ቀበሌ የሚያወርደው ፕሮግራም ሲጀመር፣ ሐኪም እስኪደርስ ሰው ሁሉ ታሞ ይጠብቅ ያለ አልነበረም።

ሦስተኛው ጥያቄ የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ነው። ባልቲሞር በ1840 የዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ የተከፈተባት ከተማ ናት። በዚያው በሜሪላንድ፣ በ2007፣ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ከመገለ ጥርሱ የተነሣው ኢንፌክሽን ወደ አንጎሉ ወጥቶ ሞተ። ጥርሱን መንቀል 80 ዶላር ገደማ ይፈጅ ነበር፤ ሆስፒታሉ ሊያድነው ሲታገል ከ250 ሺህ ዶላር በላይ ወጣ። የቤተሰቡ ሜዲኬይድ፣ ማለትም ለድሆች የተዘጋጀው የመንግሥት የጤና መድን፣ ተቋርጦ ነበር፤ ባይቋረጥም ሜዲኬይድ የሚቀበል የጥርስ ሐኪም ማግኘት ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። ማኅበሩ ከ2003 ጀምሮ በየካቲት አንድ ቀን ልጆችን በነፃ የሚያክም ዘመቻ አለው። ልጁም የሞተው በየካቲት ነው። ዘመቻውን አልንቅም፤ የበጎ ፈቃደኞቹ ድካም እውነተኛ ነው። ግን ጥርስ ቀን መርጦ ይታመማል?

የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር ደግሞ አለ። የ1965ቱ ሕግ ጥርስን ማከም፣ መሙላት፣ መንቀልና መተካት ከሽፋኑ አስወጥቷል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ እናቶቻችንና አባቶቻችን ካርዳቸውን ይዘው ለዓይን ሞራ ሄደው ይታከማሉ፤ ለጥርስ ሲሆን ወጪው ከልጃቸው ኪስ ይወጣል፤ ወይም ለእረፍት አዲስ አበባ ሲሄዱ ያስተክላሉ። በ2021 ኮንግረስ የጥርስ ሽፋን በሜዲኬር ውስጥ ለማስገባት ሲሞክር ማኅበሩ በቀረበበት መልክ ተቃወመው፤ አባላቱም ለእንደራሴዎቻቸው እንዲጽፉ ቀሰቀሰ። ምትክ ብሎ ያቀረበው ሐሳብ ሽፋኑ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ አረጋውያን ብቻ፣ በተለየ ፕሮግራም ይሁን የሚል ነበር። ገንዘቡ መጀመሪያ ለድሃው ይድረስ ማለት ለጆሮ ጥሩ ነው። ታዲያ ሞራ ሲገፈፍ፣ ልብ ሲታከም የገቢ ማስረጃ የማይጠየቅ ሰው ጥርሱ ላይ ሲደርስ ለምን ይጠየቃል? መንግሥት የሚከፍለው ዋጋ አነስተኛ ነው የሚለው የሐኪሞች ቅሬታ እውነት ሊሆን ይችላል። እውነት ከሆነ ግን ትግሉ ዋጋው ይስተካከል ተብሎ አይደረግም? ለምን ሽማግሌው ከመዝገቡ ይውጣ ተባለ?

የደንቡ የፍትሕ አንቀጽ ሙያው ሕክምና ለሁሉም እንዲዳረስ ከኅብረተሰቡ መካከል አጋር መፈለግ እንዳለበት ይናገራል። የአላስካ መንደሮች አጋር አልነበሩም? ለአረጋውያን የቆሙት ሕግ አውጪዎችስ?

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ክሊኒክ የከፈቱ የእኛ ልጆች ዛሬ ጥቂት አይደሉም። በዓመት የአባልነት መዋጮ የሚከፍሉትን ይህን ልጠይቃቸው፦ በ2021 ያ ቅስቀሳ በስማችሁ ሲካሄድ ያማከራችሁ ነበር? ደብዳቤውን ፈርማችሁ ልካችኋል? እናታችሁስ፣ ኢንሹራንሳቸው ምንድን ነው?